አድሴንስ፣ ፖፕአንደር ወይስ መኖ ሻጩ? ከአማርኛ ዌብሳይት ገንዘብ የሚገኘው በየትኛው ነው

ብይኑን ከፊት ላስቀምጠው። ዌብሳይታችሁ በአማርኛ ከሆነና አንባቢዎቻችሁ እዚሁ አገር ውስጥ ካሉ፣ ከውጭ የማስታወቂያ ኔትወርክ (አስተዋዋቂንና ዌብሳይትን ከሚያገናኝ ድርጅት) ደህና ገንዘብ አትጠብቁ፤ የሚያዋጣው እንደ መኖ ሻጭ ላለ ነጋዴ ራሳችሁ በቀጥታ የምትሸጡት ማስታወቂያ ነው። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ የጉግሉ አድሴንስ ይሞከር። ሳይጠየቅ ከኋላ ሌላ ገጽ የሚከፍተውን፣ ፖፕአንደር የሚባለውን ማስታወቂያ ግን በሩቁ!

እኔ የምጽፈው ስለ ዶሮ እርባታ ነው፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ከዚህ ተነስታችሁ በገላን አድርጋችሁ እስከ ዱከምና ቢሾፍቱ ብትሄዱ ዶሮ የሚያረባ፣ ሊያረባ የሚያስብ ወይም አርብቶ የከሰረ ሰው አታጡም። ሁሉም ስለ 45 ቀን ጫጩት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ መኖ ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ አንባቢ አልቸገረኝም። የሚቸግረው አንባቢውን ወደ ብር መቀየሩ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ምክር ደግሞ አብዛኛው አሜሪካ ላለ ሰው ነው፤ «የዚህኛው ሲፒኤም (ለሺህ እይታ የሚከፈለው) ከዚያኛው ይበልጣል» እያለ ያወዳድራል። እኛ ግን ከሲፒኤሙ በፊት የምንጠይቀው አለን። ቋንቋዬን ይቀበላሉ? ገንዘቡስ እጄ የሚገባው በምን በኩል ነው?

ከአድሴንስ እንጀምር። ጉግል በፈረንጆቹ 2003 የጀመረው ነው፣ ለጀማሪም ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው። ክፍፍሉ የታወቀ ነው፤ አስተዋዋቂው ከሚከፍለው 100 ብር ወደ 68 ብር ገደማው ለዌብሳይቱ ባለቤት ይደርሳል። (በፈረንጆቹ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ «80 በመቶ» የሚል ቁጥር ስታዩ አትደሰቱ። እሱ የሚሰላው በአስተዋዋቂው በኩል ያለው መድረክ ድርሻውን ካነሳ በኋላ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።) ክፍያውም ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በክሊክ ሳይሆን በእይታ ሆኗል። እና በየቴሌግራም ግሩፑ አሁንም «ማስታወቂያዬን ክሊክ አድርጉልኝ፣ እኔም አደርግላችኋለሁ» የምትባባሉ ሰዎች፣ ተዉ። ድሮም አካውንት የሚያዘጋ ነገር ነበር፤ አሁን ጭራሽ የሚገኝበትም ነገር የለም።

የአድሴንስ ችግር ቋንቋው ላይ ነው። የሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ ኡርዱም ታሚልም አሉበት፣ አማርኛ ግን ለዓመታት አልነበረበትም። ከማመልከታችሁ በፊት ዝርዝሩን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። በእንግሊዝኛ ጽፎ ካስፈቀደ በኋላ አማርኛውን የሚያስከትል ሰው አለ፤ እኔ አልመክርም፣ ፖሊሲው በማይደገፍ ቋንቋ በተጻፈ ገጽ ላይ የማስታወቂያውን ኮድ ማስቀመጥ ስለሚከለክል ድካማችሁ አንድ ቀን ውሃ ሊበላው ይችላል።

ቋንቋው ቢፈታ እንኳ ጨረታው አለ። አንድ ሰው ገጻችሁን በከፈተ ቁጥር የማስታወቂያ ቦታው ወዲያው ለጨረታ ይቀርባል። ተጫራቹ የሚያየው አንባቢው ማን እንደሆነና የት አገር እንዳለ ነው። ዋሽንግተን ላለ አንባቢ የሚሽቀዳደም ድርጅት ብዙ ነው። ቃሊቲ ላለ አንባቢ በጉግል በኩል ዶላር ከፍሎ የሚጫረት ነጋዴ ግን ስንት ነው? ዶላሩንስ ከየት አምጥቶ? ተጫራች ከሌለ ዋጋ የለም። ገጻችሁ የፈለገ ያህል ቢነበብ ገቢው የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፤ የጽሑፋችሁ ጥራት ምንም አላጠፋም።

ከዚያ የፖስታው ጉዳይ ይመጣል። ሂሳባችሁ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል አድራሻችሁን ለማረጋገጥ ፒን ይልካል። በወረቀት፣ በፖስታ! እኛ ጋ ደግሞ ፖስታ የሚመጣው ቤት ሳይሆን ፖስታ ሳጥን ነው። «ብሎክ ይሄን ያህል፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብላችሁ ብትሞሉ አምጥቶ በር የሚያንኳኳ የለም። ሳጥን ከሌላችሁ ተከራዩ፣ ወይ የዘመድ ወይ የመሥሪያ ቤት ሳጥን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙ። በአራት ወር ውስጥ ፒኑን ካላስገባችሁ ማስታወቂያው መታየት ያቆማል። ፒኑ ተደጋግሞ ተልኮ ካልደረሰ በመታወቂያ የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። ስለዚህ ስማችሁ አካውንቱ ላይ፣ መታወቂያው ላይና ባንክ ያለው አንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ይኑረው፤ በዚህ ነገር የተጉላላ ሰው ብዙ ነው።

ክፍያ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲሞላ ነው፣ እሱም ከፈረንጆቹ ወር 21 እስከ 26 ባለው ጊዜ። በዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ) ወደ ሂሳባችሁ ይላካል፤ ስዊፍት ኮዱን፣ ማለትም የባንካችሁን ዓለም አቀፍ መለያ፣ በትክክል ሙሉ፣ መንገድ ላይ ያሉ ባንኮች የሚቆርጡትንም አስቡ። በብር ሲታሰብ ነገሩ ተሻሽሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ከመለቀቁ በፊት 100 ዶላር በባንክ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 አለፈ። ግን የዶሜይኑና የሆስቲንጉ ሂሳብም በዶላር ነው፣ እሱም አብሮ ወጣ።

ስለ ትልልቆቹ ኔትወርኮች ብዙ አልልም። ሚዲያቫይን ለዓመታት በወር 50,000 ሴሽን (ጉብኝት)፣ ራፕቲቭ ደግሞ 100,000 የገጽ እይታ ሲጠይቁ ኖረዋል። ቁጥሩን ቢያላሉትም የሚፈልጉት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ አንባቢ ነው። ሚዲያ ዶት ኔትም ያው። ለኛ አልተሠሩም፣ እንለፍ።

አሁን በቀላሉ የሚቀበሏችሁ። አድስቴራ፣ ሞኔታግ የመሳሰሉት ትልቅ ትራፊክ አይጠይቁም፣ በቋንቋም አይከራከሩም። ዝቅተኛ ክፍያቸውም በአንዳንድ የአከፋፈል መንገድ 5 ዶላር ድረስ ይወርዳል። ያማልላል። ግን እነዚህ ኔትወርኮች ባነርም (ገጹ ላይ የሚቀመጥ የምስል ማስታወቂያ) ቢኖራቸው የሚታወቁት በፖፕአንደርና ስልክ ላይ ብቅ በሚል መልእክት፣ በፑሽ ኖቲፊኬሽን፣ ነው፤ በፖፕአንደሩ አንባቢው ጽሑፉን ሲነካ ሌላ ገጽ ከኋላ ይከፈትበታል። ክሮም ከየካቲት 2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በጣም የሚያስቸግሩ ማስታወቂያዎች ባሉባቸው ሳይቶች ላይ ማስታወቂያ ማገድ ጀምሯል፣ ስለዚህ ጦሱ ለሳይቱም ይተርፋል።

ለግምገማ ብዬ ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱን፣ ስሙ ይቅር፣ ሳይቴ ላይ አስገብቼ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኮዬ ፈጬ ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስልኬን ምን አደረግኸው? ስለ ፈንግል ላነብ ብገባ ቫይረስ ገብቷል ይለኛል» አሉ። ማስታወቂያው ነው፣ ምንም አይንኩ ብዬ አረጋጋኋቸው። ኮዱን ያን ዕለት አነሳሁት። በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው የከፈለበትን ሜጋ ባይት ለማይረባ ገጽ ሲያቃጥል ያናድዳል፤ እሳቸውን የመሰለ አንባቢ ደግሞ አንዴ ከፈራ አይመለስም።

ክፍያቸውስ? ፔይፓል እዚህ አገር ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሆንም። የቀረው አብዛኛው ወይ ፔዮኒርና ፓክሰም የሚባሉት የውጭ የክፍያ አገልግሎቶች ወይ ክሪፕቶ ነው። ክሪፕቶውን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ለጥቂት ዶላር ብሎ ከሕግ ጋር መነካካት አያዋጣም። ቴሌግራምም 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ ማካፈል ጀምሯል፣ ግን የሚከፍለው በቶንኮይን፣ ያም በክሪፕቶ፣ ስለሆነ ያው ጥያቄ ይነሳል። ቴሌግራም አንባቢ ወደ ሳይቱ ለማምጣት ግን ወደር የለውም።

እንግዲህ ወደ አሸናፊው፦ ራሳችሁ በቀጥታ የምትሸጡት ባነር። መኖ ሻጭ፣ ጫጩት አከፋፋይ፣ የዶሮ ኬጅ የሚበይድ ልጅ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት። እነዚህ ሰዎች ጉግል ላይ አይጫረቱም፣ ግን ደንበኛቸው የኔ አንባቢ ነው። አንድ ገላን ያለ መኖ ሻጭ በወር የሚከፍለኝ፣ ኔትወርክ በብዙ ወር ከሚያጠራቅምልኝ ይበልጣል። ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ፒን የለ፣ ስዊፍት ኮድ የለ፣ 100 ዶላር እስኪሞላ መጠበቅ የለ።

ዋጋውን በክሊክ አታድርጉት፣ ማንም አይገባውም፣ ጭቅጭቅ ነው። በወር ቁርጥ ዋጋ ተስማሙ። ነጋዴው ደግሞ የሚያምነው የሚደወልለትን ስልክ እንጂ የእናንተን የእይታ ቁጥር ስላልሆነ፣ ባነሩ ላይ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ ስልክ ቁጥር እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ በዚያ ቁጥር ስንት ሰው እንደደወለ ራሱ ይቆጥራል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ። «ነገ አስገባለሁ» የሚለው ነገ አይመጣም። ባነሩን ቀለል ባለ ምስል ሥሩት፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ በታች አስቀምጡት፣ እዚያ ነው የሚታየው።

ችግር የለውም አልልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ነጋዴውም ያን ጊዜ ማስታወቂያ አይፈልግም። ለፋሲካ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣና ቦታ ይጠፋል። ደርጀት ያለ ድርጅት ደረሰኝ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ ሰውም ጥሩ ብር ይዞ ይመጣል። እኔ አልቀበልም። አንባቢዬ ዶሮው ሲሞት የሚደውለው ለሱ ሳይሆን ለኔ ነው።

ለሁላችሁም ግን ይሄ አይሠራም። አንባቢዎቻችሁ ከየት እንደሆኑ ካላወቃችሁ ጉግል አናሊቲክስን አስገቡ፣ ነጻ ነው፣ የአገር ዝርዝሩን እዩ። አብዛኛው አንባቢ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ከሆነ፣ የምትጽፉትም በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ያኔ መኖ ሻጩን ተዉትና መጀመሪያ ፖስታ ሳጥን ተከራዩ።