የቡሬ መጋዘን ጉዳያችንን ለዳኙልን ሰው ምስጋና

በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ዳኛን በአደባባይ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ አልጽፍም።

ቡሬ ላይ የእህል መጋዘን አሠርቼ ነበር። ሥራ ተቋራጩ ቁልፉን ባስረከበኝ በሁለተኛው ወር ክረምቱ ገባ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ በቆሎዬ በጆንያው ውስጥ ሻገተ። እኔ የመጨረሻውን ክፍያ ያዝኩ፣ እርሱ ደግሞ ገንዘቤ ተከለከለ አለ። ከሰስኩት። ችሎት ስንቀርብ ጠበቃው የውላችንን የመጨረሻ አንቀጽ አነበበ፤ አለመግባባት ቢነሣ በግልግል ዳኝነት ይታያል ይላል። ፊርማዬ አለበት፣ እኔ ግን ሳላነበው ነበር የፈረምኩት። ፍርድ ቤቱም መቃወሚያውን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ግልግል ሲባል የአገራችን ሽምግልና መስሎኝ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ አንተም ተው፣ አንተም ተው ተብሎ፣ መሐል ላይ የሚገናኙበት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ግን ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። አስታራቂ ያስማማል፤ የግልግል ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ ይፈርዳል። ውሳኔውም እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል፣ ባለጉዳዮቹ በውላቸው ካልተስማሙበት በቀር ይግባኝ የለውም። ውላችን የዳኞችን ቁጥር ስላልወሰነ ሦስት ሆኑ፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ መረጥን፣ የተመረጡት ሁለቱ ደግሞ ሰብሳቢውን መረጡ። ሰብሳቢው እኒህ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ክርክሩ አንድ ቃል ሳይነሣ፣ ከዓመታት በፊት የተቋራጩን ወንድም በሌላ መዝገብ ዳኝተው እንደነበር ነገሩን። «ይህን ሰምታችሁ የምትቃወሙ ከሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ንገሩኝ» አሉን። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለእርሱ ያዳላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን ይህን ሊደብቁት ሲችሉ በገዛ አፋቸው የነገሩኝ ሰው ከማንም በላይ እንደሚታመኑ ገባኝና አልተቃወምኩም።

ከዚያም ዝናብ እየዘነበ ቡሬ ድረስ መጡ። መሐንዲስ ይዘው በመሰላል ወጥተው ቆርቆሮውንና የውኃ መውረጃውን በዓይናቸው አዩ። ውኃው የሚገባው ቆርቆሮዎቹ በአጭሩ ከተደራረቡበት ቦታ መሆኑን መሐንዲሱ እያመለከተ አሳየን።

ከጎረቤቴ ጋር ያለብኝንም የወሰን ክርክር በዚያው እንዲያዩልኝ ለምኛቸው ነበር። «የመሬት ጉዳይ ሁለታችሁ ብትስማሙም በግልግል አይታይም፣ ወደ ፍርድ ቤት ሂድ» አሉኝ። ሌላ ሰው ክፍያዬን ተቀብሎ፣ በኋላ የሚሻር ወረቀት ያስጨብጠኝ ነበር።

ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ለእኔ አልሆነም። ጣሪያውን ተቋራጩ በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል፣ መጀመሪያ የረጠበውንም በቆሎ ዋጋ እንዲከፍለኝ ተወሰነ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ካወቅሁ በኋላ እህሉን ሳላነሣ ለተበላሸው ግን አንድ ብር አላስከፈሉልኝም፤ ጉዳቱን መቀነስ የእኔም ግዴታ ነበር። የያዝኩትንም ክፍያ ጥገናው ሲያልቅ እንድለቅ ታዘዝኩ። ምክንያቱ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተጽፎ፣ ሦስቱም ፈርመውበት ነው የደረሰኝ። የተሸነፍኩበትን ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ የምከራከርበት ነገር ግን አላገኘሁም። ተቋራጩም ጥገናውን በተባለው ቀን ጀመረ።

በጎጃም ያላችሁ ነጋዴዎች፣ የወፍጮ ባለቤቶች፣ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ውላችሁ ውስጥ የግልግል አንቀጽ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ውሉን በሙሉ፣ አባሪውንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ በፊት የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።