ብሎክ ማድረግ ወይስ አለማንሳት?

ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ሰሞኑን ስልክ ሲጮኽ ትደነግጣለች። «እማማ፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ሰው አስቸግሯታል። ሁለት መላ አሰብን፤ ቁጥሩን ብሎክ ማድረግ ወይም የማታውቀውን ቁጥር ጭራሽ አለማንሳት።

ወጪ፦ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሂሳብ የሚበላው ለማይታወቅ የውጭ አገር ቁጥር መልሶ መደወል ነው።

ቅለት፦ ብሎክ በስማርት ስልክ የሁለት ደቂቃ ሥራ አይሞላም። በእናቴ ባለ ቁልፍ ቀፎ ግን ሜኑ ውስጥ መዳከር አለ። አለማንሳት ምንም አይጠይቅም። ዝም ማለት ነው።

ስጋት፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ብሎክ አንድ ቁጥር ብቻ ይዘጋል፤ አጭበርባሪው በሌላ ሲም ይመለሳል። አለማንሳት ደግሞ ደጉንም ክፉውንም ይዘጋል። እኔ ራሴ ባትሪ ጨርሼ በሰው ስልክ ሦስቴ ብደውል አላነሳችልኝም! ካነሳች ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቀናታል፦ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ኮድ «ከቴሌ ነኝ» ላለ ሰው አይነገርም። ከተጠራጠረች ዘግታ ራሷ 994 ትደውላለች።

ለማን ይሆናል፦ ቡሬ በቆሎ የሚሸጠው አጎቴ ነጋዴ ከየትም ይደውልለታል። አለማንሳት ለእሱ ኪሳራ ነው፤ ያነሳል፣ ነገሩ ካላማረው ብሎክ ያደርጋል። እናቴ ግን ከልጆቿ፣ ከዘመድና ከዕድርተኛ ሌላ ደዋይ የላትም። ስማቸውን መዝግበንላታል፤ ያልተመዘገበ አታነሳም። እኛም ቁጥር ስንቀይር ቀድመን በጎረቤት እናስነግራለን።