ካሴት ለመገልበጥ፦ ባለ ዩኤስቢ ማጫወቻ ወይስ አሮጌ ዴክ ከሳውንድ ካርድ ጋር?

ደሴ ውስጥ አልጋ ስር የካሴት ካርቶን የሌለው ቤት ጥቂት ነው። መንዙማ፣ አምባሰል፣ የሠርግ ጭፈራ፣ ከአረብ አገር በካሴት ተቀድቶ የመጣ ሰላምታ። እኛ ቤት 60 ያህል አሉ። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል፤ ሁለቱ ካሴቶች ክራቸው ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥተው አገኘኋቸው። ያኔ ነው ሁሉንም ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ የቆረጥኩት።

መጀመሪያ ዎክማን የምትመስለውን ባለ ዩኤስቢ ማጫወቻ ገዛሁ። ርካሽ ናት፣ አጠቃቀሟም ቀላል ነው። ገመዷን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ መቅዳት ብቻ ነው። ችግሩ ሞተሯ ነው። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እኩል መሮጥ አለበት። የኔዋ እኩል አትስብም፤ መንዙማው ረዘም ብሎ ሲሳብ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለንግግርና ለሰላምታ ካሴት ትበቃለች። ዜማ ግን አትስጧት።

ሁለተኛው መንገድ ያገለገለ ዴክ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ትልቁ የካሴት ማጫወቻ ማለት ነው። ቺንጋው ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ብር ይቀየራል። ዋናው ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበው ሄዱ ነው፤ ክሩ የሚነካው ፊቱ ላይ ቦይ ከተቆፈረ አትግዙ። ከዴኩ ኋላ ያሉትን ቀይና ነጭ ጃኮች ከሳውንድ ካርድ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው እሱ ነው። እኔ የምጠቀመው ቤሪንገር ዩሲኤ202 ነው፤ ትንሽ ናት፣ ለካሴት አታንስም። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ እንዳትሰኩት። ለደካማ የማይክ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ የዴኩን ድምፅ ይሰባብረዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚቀበለው ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ ያልተለየ ድምፅ ብቻ ነው።

ዴክን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ግን አንዲት ብሎን ናት። ካሴቶቻችን ከቴፕ ወደ ቴፕ የተገለበጡ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ቴፕ ሄድ ደግሞ ትንሽ ይዘማል። የኛ ሄድ ከቀዳው ሄድ ጋር እኩል ካልቆመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ሁሉም በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። ሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ፣ ቀስ እያልኩ አዞርኳት። ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ነበር፣ በሞኖ። ድንገት ጭብጨባው ጥርት አለ። ከድቤው ኋላ የተቀባዮቹ ድምፅ ተለየ። እማ ከጓዳ ወጥታ «ይሄ እኮ አባትህ ነው» አለችኝ። አባቴ ካረፈ 9 ዓመቱ ነው። ከተቀባዮቹ መሃል እንደነበረ አላውቅም ነበር።

ለዚህ ነው ገንዘባችሁን ዴኩ ላይ አውሉት የምለው። ሻጮች 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ እያሉ ውድ ሳውንድ ካርድ ያሳዩአችኋል። ለካሴት 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ኸርዝ ከበቂ በላይ ነው፤ የሲዲ ጥራት ማለት ነው። አንድ ሰዓት በዋቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ ፋይል፣ ወደ 600 ሜጋባይት ይይዛል። ኤምፒ3 በኋላ ለስልክ ታወጣላችሁ። ቤት በጥሩ አምፕና ስፒከር የምትሰሙት ዋቩን ይሁን።

ሸክላ ያላችሁ ሂሳባችሁ ይለያል። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነው፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ፎኖ ፕሪአምፕ ይፈልጋል። የሸክላ ማጫወቻው ውስጡ ከሌለው ከዩሲኤ202 ይልቅ ወንድሙን ዩኤፍኦ202ን ግዙ፤ እሱ አብሮት አለው።

ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ዴክ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ፤ ክራር ወይም ማሲንቆ ረዘም ብሎ የሚሰማበት ይሁን። ሁለቱንም ፊት አጫውቱት፣ ወደ ኋላም አጠንጥኑት። ቤት ስትቀዱ ደግሞ «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፤ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጠፋል።