ዲኤክሷን ነፋስ እንዳያነሳት ያሠራሁበት ቤት

የአዲስ አበባ ላሜሪስት እጁ ወርቅ ነው። ዘንድሮ ከአሜሪካ ለእረፍት ስገባ ይህንን በደንብ አየሁ።

የቤታችን ዲኤክስ፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ፣ ሞተሯ ከተቀየረ፣ ሞላዋም ዝቅ ካለ ቆይቷል። ችግሯ ፈጣን መንገድ ላይ ነው። መቶን አለፍ ስትል ፊቷ ቅልል ይላል፤ መሪው እጅ ላይ ይላላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በ60 ስትነዱ የማይታወቃችሁ ነገር በ120 ያስፈራል።

መጀመሪያ የገባሁበት ዲኮር ቤት አልተመቸኝም። ልጁ መኪናዋን እንኳ ሳያይ ትልቅ ስፖይለር፣ ከኋላ የሚገጠም ክንፍ፣ አወጣልኝ። ያውም በስሱ የኋላ ኮፈን ላይ የሚታሰር። ኋላዋን ብቻ ወደ መሬት ብትጫኗት ፊቷ ይብሱን ይቀላል። አመስግኜ ወጣሁ።

ላሜሪስቱ ግን ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። በስልኩ መብራት ዞር ዞር ብሎ አየና «ወንድሜ፣ ነፋሱ ከሥር እየገባ ነው የሚያነሳት። መጀመሪያ ፊቷን እንዝጋ» አለኝ። ልቤ አረፈ። ከፓራውልቱ ሥር በላሜራ ከንፈር ሠራላት። የገባው አየር በጎን እንዳያመልጥ በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ደፈነ። ከሞተሩ ሥር ጠፍጣፋ ላሜራ ሲያስር ደግሞ፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር እንዳይፈታ ብሎ በማፍሰሻው ብሎን ልክ ክብ ቀዳዳ ተወለት። የከንፈሩ ጫፍ ላይ የከባድ መኪና ጭቃ መከላከያ ጎማ ቆርጦ አሰረ። ጎማውን ከሶማሌ ተራ ወዲያው አገኘነው። የሰፈራችንን ጉብታ ሲነካ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ከዚያ ነፋሱ በየት በየት እንደሚሄድ ለማየት ኮፈኑና የኋላ መስታወቱ ላይ የሹራብ ክር ቁርጥራጭ በፕላስተር ለጠፍን። በአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ፣ በተፈቀደው 120፣ ታናሽ ወንድሜ ከሌላ መኪና ሆኖ ቀረጸን። ኮፈኑ ላይ ክሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተኙ። የኋላ መስታወቱ ላይ ግን ይተራመሱ ነበር። ያ ስፖይለር ቢገጠም ኖሮ እዚያ የተበጠበጠ አየር ውስጥ ቁጭ ይል ነበር። መሪው አሁን እጅ ላይ ይከብዳል፤ ደስ ሲል!

ክንፍ በሻንጣ ይዛችሁ ልትመጡ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች 20 በመቶ ገደማ ስስ ነው። ክንፉ እዚህ የሚጫነውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አላይመንት ቤቱ ፈጣንም ጨዋም ነው። ቀለም ቤቱ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ነገ ነገ ሲለኝ የመመለሻዬ ቀን ደረሰ፤ ከንፈሩ አንቲረስት ብቻ ተቀብቶ ቀርቷል። ለአጭር ጊዜ የምትገቡ፣ ላሜራውን እንደገባችሁ አስጀምሩ።