«በ30 ቀን ፀጉር ይመልሳል» ለሚባለው የግሮውዝ ፋክተር ሴረም ቀድማችሁ እንዳትከፍሉ

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ሦስት ጠርሙስ በጥቅል፣ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ፣ ካልሠራ በ30 ቀን ውስጥ ብራችሁን እንመልሳለን» የሚባለውን ሴረም (ራስ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ) ለማዘዝ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ቀኑን ልብ በሉ።

የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ሥሩ በ2 ወይም 3 ሳምንት ይኮማተርና 3 ወር ገደማ አርፎ ይረግፋል። ያረፈው ሥር ዛሬውኑ ቢነቃ እንኳ አዲሱ ፀጉር በወር የሚረዝመው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የታወቀው የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት ሚኖክሲዲል እንኳ ከ4 እስከ 6 ወር ሳይቀቡት ውጤቱ አይለይም። ስለዚህ ሴረሙ መሥራት አለመሥራቱ ሳይታወቅ ብር የማስመለሻው ቀን ያልፍባችኋል።

በተለይ የወለዳችሁ እናቶች! ከወሊድ 3 ወር ገደማ በኋላ የሚረግፈው በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ነው። ለአብዛኞቻችሁ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ያለ ምንም ሴረም ይመለሳል፤ «በፊትና በኋላ» እየተባለ የሚለጠፈው ፎቶም የዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ግሮውዝ ፋክተር ለሴሎች «እደጉ» ወይም «እረፉ» የሚል መልእክት የሚያደርሱ የብዙ ፕሮቲኖች የጋራ ስም እንጂ የአንድ ነገር ስም አይደለም። እንደ ቪኢጂኤፍና አይጂኤፍ 1 ያሉት ፀጉሩን እድገት ላይ ያቆዩታል፤ ኤፍጂኤፍ 5 ግን «ይበቃሃል፣ እረፍ» የሚለው ነው። ጠርሙሱ ላይ «ኤስኤች ኦሊጎፔፕታይድ 1» ተብሎ የሚጻፈው ኢጂኤፍ የሚባለው ሌላ ግሮውዝ ፋክተር ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ የበግ ሱፍ ሳይሸለት እንዲለቅ በመርፌ የተሰጠውም ይኸው ነው። ሴረሙ ያረግፋችኋል እያልን አይደለም፤ ግን የትኛው እንዳለበት መናገር ለማይችል ሻጭ አትክፈሉ።

ጤናማ ቆዳ በቀላሉ የሚያሳልፈው እስከ 500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝነውን ነው። ሚኖክሲዲል 209 ነው፤ ኢጂኤፍ ከ6000 ይበልጣል። ፕሮቲን ስለሆነም ሙቀት ያበላሸዋል፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ምን እንደቀረው እንጃ።

«በመርፌ ሮለር (ጥቃቅን መርፌዎች ባሉበት ተንከባላይ መሣሪያ) እናስገባዋለን» ካሏችሁ እሺ እንዳትሉ። ለመቀባት የተዘጋጀ ፈሳሽ በተወጋ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ሌላ ሰው ላይ የዋለ ሮለር ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አንዳንድ ሻጮች ፀጉራችሁን ስበው ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ ፍሬ እያሳዩ «ሥሩ ሞቷል» ይላሉ። ያ እረፍቱን የጨረሰ ፀጉር ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 መርገፉ የተለመደ ነው። ለአንድ ቀን ሳትታጠቡ ቆይታችሁ 60 ያህል ዘለላ በጣቶቻችሁ ይዛችሁ ከሥር እስከ ጫፍ በቀስታ ሳቡ። ከ6 በላይ ከተነቀለ ለሴረም ያሰባችሁትን ብር ለቆዳ ሐኪም፣ ለብረትና ለታይሮይድ ምርመራ አውሉት። የሳሳው በግንባራችሁ ዳር ከሆነና ሹሩባ አጥብቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሹሩባውን ፍቱት። ቆዳው አብረቅርቆ የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎቹ ከጠፉ ግን ሐኪም ዘንድ መሄዱን አታዘግዩ፤ ጠባሳ የሆነ ሥር አይመለስም።