ኩዌከር ትምህርት ቤት ወይስ የመንግሥት? በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወላጆች የቀረበ ንጽጽር

በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ስለ ግል ትምህርት ቤት ሲጠይቅ ቶሎ የሚጠራለት ስም ሲድዌል ፍሬንድስ ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ የኦባማ ልጆች የተማሩበት፣ የዓመት ክፍያው ከ50,000 ዶላር በላይ የሆነ የኩዌከር ትምህርት ቤት ነው። ኩዌከሮች አብረው በዝምታ በመጸለይ የሚታወቁ የክርስትና እምነት ማኅበር ናቸው። አዳሪ ለሚፈልግ ፔንሲልቫንያ ውስጥ ዌስትታውን (1799) እና ጆርጅ ስኩል (1893) አሉ። ሌላው ምርጫ ያለ ክፍያ የሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ወይም የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን በዝናና በዋጋ ያወዳድራል። ልጁን በየቀኑ የሚነካው ልዩነት ግን ሲቸገር እርዳታ የሚያገኝበት መንገድ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት እርዳታው የሕግ ግዴታ ነው፤ በኩዌከሩ በትምህርት ቤቱ ፈቃድና ልጁ ራሱ ሄዶ በመጠየቁ ላይ ይንጠለጠላል።

ከልጁ የሚጠበቀው

የኩዌከር ትምህርት ቤት ክፍሎች ትንንሽ ናቸው፤ 15 ተማሪ አካባቢ የተለመደ ነው። ስለዚህ መደበቂያ የለም። በክፍል ውይይት መሳተፍ ከውጤቱ ይቆጠራል፤ ድርሰት ተጽፎ፣ ታርሞ፣ እንደገና ይጻፋል። አስተማሪን በስሙ ብቻ መጥራት በብዙዎቹ የተለመደ ነው፤ የእኛ ልጆች መጀመሪያ ላይ ይከብዳቸዋል። ቤት ውስጥ «ዝምተኛ፣ ጨዋ» የሚባለው ልጅ እዚያ «አልተሳተፈም» ተብሎ ነጥብ ያጣል። በየሳምንቱ አብሮ በዝምታ የሚቀመጥ ትምህርት ቤት በክፍል ውስጥ ዝምታን አለመውደዱ ያስገርማል፤ ቢሆንም እውነታው ይኸው ነው።

የዝምታው ጸሎት ሳያስደነግጣችሁ አይቀርም። በብዙዎቹ ቄስ፣ ስብከትም ሆነ ቁርባን የለም፤ ሁሉም ይቀመጣል፣ ሐሳብ የመጣለት ተነሥቶ ይናገራል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ኩዌከር አይደሉም። መገኘት ግን ግዴታ ነው።

ሪፖርት ካርዱም ሌላ ዓይን ይጠይቃል። በታችኞቹ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ፊደል ሳይሆን ረጅም የአስተማሪ አስተያየት ይመጣል፤ ቃሉም ለስላሳ ነው። «በውይይት ድምፁን እየፈለገ ነው» ካለ ልጁ አይናገርም ማለት ነው። «በቀጠሮ ቢገናኘኝ ይጠቅመዋል» ካለ ወደ ኋላ ቀርቷል። ምስጋና መስሏችሁ ካለፋችሁት ችግሩን በዓመቱ መጨረሻ ታገኙታላችሁ።

ኤ ፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ለምትቆጥሩ፦ ሲድዌልን ጨምሮ ስምንት የዋሽንግተን አካባቢ የግል ትምህርት ቤቶች የኤ ፒ ኮርሶችን እስከ 2022 እንደሚያቆሙ በ2018 አስታውቀዋል። ልጁ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ከሆነ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በኤ ፒ ፈተና የሚያዝ ክሬዲት ኮሌጅ ላይ የሚከፈል ኮርስ ይቀንሳል። የመንግሥቱ ሁለተኛ ደረጃ ኤ ፒን በስፋት ያስተምራል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ብሌርም የታወቀ የሒሳብና ሳይንስ ልዩ ፕሮግራም አለው። ጆርጅ ስኩል ደግሞ አይ ቢ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም ይሰጣል።

ድጋፉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በኩዌከር ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ የሚከታተል አማካሪ አለው። ችግር ሲኖር መጀመሪያ ለአስተማሪው፣ ቀጥሎ ለአማካሪው፣ ከዚያ ለትምህርት ድጋፍ ባለሙያዋ ጻፉ፤ በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ መሄድ ነገሩን ያዘገያል። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ አማካሪ ብዙ መቶ ተማሪ ይይዛል፤ የአማካሪዎቹ የሙያ ማኅበር የሚመክረው እንኳ 250 ነው። ልጁን የሚያስተውል ሰው በኩዌከሩ በኩል የማግኘት ዕድሉ ይበልጣል።

ልጁ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር)፣ የትኩረት ችግር ወይም የንግግር ችግር ካለበት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ምርመራ በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ወላጅ ፈርሞ ከተስማማ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ልጁ መብት ካለው አይ ኢ ፒ (ለእርሱ ብቻ የሚዘጋጅ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ይጻፍለታል፣ በየዓመቱም ይከለሳል። ካልተስማማችሁ የምትከራከሩበት ሕጋዊ መንገድ አለ። የግል ትምህርት ቤት አይ ኢ ፒ የመፈጸም ግዴታ የለበትም። የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የአጠናን ምክር ነው፤ ትምህርቱን ራሱን አይለውጥም፣ ሳምንታዊ የግል እገዛ ካስፈለገም በተጨማሪ ክፍያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር፦ የግል ተማሪም በመንግሥት ወጪ የመመርመር መብት አለው። የሚመረምረው ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት ዲስትሪክት ነው፤ ሜሪላንድ ብትኖሩም ልጁ ዲሲ ባለው የሲድዌል ግቢ የሚማር ከሆነ ጥያቄው ለዲሲ ይቀርባል። ይህን ሳያውቁ ለግል ምርመራ ብዙ ሺህ ዶላር የከፈሉ ብዙ ናቸው። ለኤስ ኤ ቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ተጨማሪ ጊዜ ከፈለጋችሁም ማመልከቻውን ቶሎ አስጀምሩ፤ መልሱ እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል፣ ልጁ ድጋፉን በትምህርት ቤቱ ሲጠቀምበት ካልቆየም ሊከለከል ይችላል።

እንግሊዝኛው ገና ለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለመጣ ልጅ የመንግሥቱ ይሻላል። የቋንቋ ትምህርቱ ነጻ ነው፣ መስጠቱም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጅ የሚላኩ ዋና ዋና መረጃዎችን በአማርኛም ያወጣል። ከኩዌከሮቹ ለዚህ የተሻሉት የውጭ ተማሪ የሚቀበሉት አዳሪዎቹ ናቸው።

ገንዘቡና ውሉ

የክፍያ ድጋፍ የምትፈልጉ ከሆነ ከመግቢያ ማመልከቻው ጋር አብራችሁ ጠይቁ፤ መጀመሪያ ሳይጠይቁ ገብቶ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ጥር ላይ ያበቃል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ለአገር ቤት ቤተሰብ የምትልኩትን ገንዘብ በቅጹ የማብራሪያ ቦታ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት ማንም አያውቀውም።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ የድጋፍ ባለሙያዋን ለብቻ አግኙ። ስንት ተማሪ ትከታተላለች? የትኛው እገዛ ተጨማሪ ይከፈልበታል? እንደ ልጃችሁ ዓይነት ተማሪ አሁን አላቸው? መልሱን በኢሜይል አስደግሙ። ውሉን ስትፈርሙ ደግሞ የመውጫ ቀኑን ፈልጉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ጥቅምት ላይ ቢወጣ እንኳ የዓመቱ ክፍያ በሙሉ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ልጁ በመሐል ቢወጣ ክፍያውን የሚሸፍን መድን ካለ ዋጋውን ጠይቁ።