ደሴ ላይ የተከራየሁት የሉሲል ቦል ዲቪዲ

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ፊልም አከራይ ቤት፣ ከ1951 እስከ 1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የታየውን «አይ ላቭ ሉሲ» የተሰኘ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የያዘ የዲቪዲ ስብስብ ተከራይቼ አይቻለሁ፤ ኪራዩም የሚያስቆጭ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሁሉ በፊት የምመሰክረው ለምስሉ ጥራት ነው። ከ70 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጥቁርና ነጭ ምስል ሉሲን ሆና የምትተውነውን የሉሲል ቦልን የዓይንና የአፍ እንቅስቃሴ አንድም ሳያደበዝዝ ያሳያል። ይህም የራሷ ውሳኔ ፍሬ ነው። በዚያን ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም ከኒውዮርክ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ለሌሎች ከተሞች የሚደርሰው ከስክሪን ላይ የተቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ነበር። እርሷና ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ግን ሆሊውድን አንለቅም በማለታቸው፣ ሥራው ተመልካች ፊት በ3 ካሜራና በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀረጸ፤ ወጪው ስለጨመረም ከክፍያቸው አስቀንሰው በምትኩ የፊልሞቹን ባለቤትነት ለራሳቸው አስቀሩ። ለእኔ የዚህች ሴት ትልቁ ውርስ ይህ ነው። በ1962 የቀድሞ ባሏን ድርሻ ገዝታ የሁለቱ የነበረውን ዴሲሉ ስቱዲዮን ብቻዋን መምራት የቻለችውም፣ በኋላ «ስታር ትሬክ» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ከዚያው ቤት የወጣውም በዚህ መሠረት ላይ ነው። በ1989 በ77 ዓመቷ አርፋለች።

ቅር ያሰኘኝ የአማርኛ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ትልልቅ ሰዎች በንግግር የሚያስቁት ክፍሎች ይከብዳሉ። የቸኮላት ፋብሪካው ክፍል ግን አስተርጓሚ አይሻም። ሉሲና ጓደኛዋ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ የሚመጣውን ቸኮላት በወረቀት መጠቅለል አለባቸው፤ ቀበቶው ሲፈጥንባቸው የተረፋቸውን አፋቸው ውስጥ፣ ቆባቸው ውስጥና ደረታቸው ውስጥ ይከታሉ። እናቴ እየሳቁ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ!» ይሏት ነበር።

ስለ አከራዩ ቤትም ልናገር። ዲቪዲ የሚሠራው ዓለምን በቀጣና ከፍሎ ነው፤ ይህኛው ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የተሠራው ለቀጣና 1 ሲሆን አገራችን የምትመደበው በቀጣና 5 ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ማጫወቻ አይቀበለውም። ባለቤቱ ገና ገንዘብ ሳይቀበሉ የማጫወቻዬን ዓይነት ጠይቀው፣ ዲስኩንም እፊቴ አጫውተው ማስረከባቸው የሚመሰገን ነው። መታወቂያ በመያዣነት መውሰዳቸው ግን አልተመቸኝም፤ በገንዘብ መያዣ ቢተኩት ይሻላል። የክፍሎቹ ዝርዝር ከማሸጊያው ውስጥ በመጥፋቱም የምንፈልገውን ክፍል ለማግኘት ዲስክ እየቀያየርን ብዙ ደክመናል።

ሁሉንም ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው የተከታታዩን ሁለተኛ ዙር (ሲዝን) ብቻ ቢከራይ ይበቃዋል። የቸኮላቱ ክፍልም፣ ጥር 19 ቀን 1953 ወደ 44 ሚሊዮን ሕዝብ የተመለከተው ሉሲ ልጇን የምትወልድበት ክፍልም እዚያ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሉሲል ራሷም በዚያኑ ቀን ወንድ ልጅ ተገላግላለች።